ስም አልተጻፈም

ባለፈው ሳምንት አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ላሊበላ ወዳለው ቤቴ መጥታ መጠይቋን ዘረጋችና «እትዬ፣ አይስጉ፤ ስም አንጽፍም» አለችኝ። ልጅቷ ምንም አላጠፋችም። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ይህንኑ ቃል በሃያ ሦስት ዓመቴ ከሌላ ሰው አፍ ሰምቼዋለሁ።

ያኔ ኮን ከተማ ተቀምጬ ስለ እናቶች ጤና ለሚደረግ ጥናት መረጃ እሰበስብ ነበር። የጥናቱ ባለቤት ከከተማ የመጣ ዶክተር ነው። ወሩ ጥቅምት ነበር፤ ባቄላው አሽቷል፣ ገብሱ ቢጫ መሆን ጀምሯል፤ ከገባሁበት ቤት ሁሉ እሸት ሳልይዝ አልወጣም። የደጋ ሰው እንግዳን ባዶ እጁን አይሸኝም። ምስጢሩንም አብሮ የሚሰጠው ለዚያ ይሆናል።

እታለምን ያገኘኋት እንዲህ ስዞር ነው። የደብሩ መሪጌታ ሚስት፣ የስድስት ልጆች እናት፤ ሁለቱ መንታ ናቸው። ጥያቄውን እያነበብኩላት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ከባሏ ተደብቃ የወሊድ መከላከያ መርፌ እንደምትወጋ ነገረችኝ።

«የመጨረሻዎቹን፣ መንቶቹን ስወልድ ደሜ ፈስሶ ሊያልቅ ነበር። ሰባተኛ ካረገዝኩ አልተርፍም። እሱ ግን ከእግዜር ጋር አትሟገቺ ነው የሚለኝ።» እጄን ያዘችኝ። «ካንቺ እንዳያልፍ፣ እህቴ።»

«ማርያምን አይወጣም!» ብዬ ማልኩላት።

ወራት አለፉ። ዶክተሩ የሰበሰብነውን ሁሉ «ለሌሎች አጥኚዎችም ይጥቀም» ብሎ አባዝቶ ለየመሥሪያ ቤቱ በተነው። አንዱ ገጽ ላይ የቀበሌው ስም፣ የመሪጌታ ሚስት፣ ስድስት ልጆች፣ መንታ የወለደች፣ በድብቅ መርፌ የምትወጋ ይላል። በዚያ ቀበሌ ያለው መሪጌታ አንድ ብቻ ነው። ያንን ሁሉ መጠይቁ ላይ የሞላሁት ደግሞ እኔው ነኝ።

አንድ ሠራተኛ አነበበው፤ በገበያ ቀን ወሬው ከመሪጌታው ጆሮ ደረሰ። በማግሥቱ እታለም አንድ ነጠላ ደርባ ወደ ወንድሟ ቤት ተባረረች። ልጆቿን አልሰጧትም።

ዶክተሩ ዘንድ ሄጄ አለቀስኩ።

«ስሟን እኮ አልጻፍኩም» አለኝ፣ ከወረቀቱ ቀና እንኳ ሳይል።

እንባዬ ያኔውኑ ደረቀ። የእጅህን ሳልሰጥህ አልቀርም አልኩ በልቤ።

የጥናቱ ውጤት የሚቀርበው በየካቲት፣ ላሊበላ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ነበር። በጋሸና በኩል ያን አቧራማ መንገድ ስጓዝ የምናገረውን አጠናሁ። ቀደም ሲል በክረምት መኪናችን ጭቃ ይዟት ቆመን ሳለ፣ ዶክተሩ በአደራ ያጫወተኝ ነገር ነበር።

ስለ መረጃ አሰባሰቡ እንድናገር ድምፅ ማጉያው ተሰጠኝ።

«አንድ ምሳሌ ላቅርብ» አልኩ። «ተሳታፊው ወንድ ነው፤ ዕድሜው ሠላሳ ስምንት፣ ሥራው ተመራማሪ። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለበት፤ መድኃኒቱን በቫይታሚን ብልቃጥ ይደብቃል። እጮኛውም ቤተሰቧም አያውቁም።»

የእጮኛው አጎት ተጋብዘው ከፊት ተቀምጠው ነበር፤ ቀስ ብለው ዞረው አዩት። ዶክተሩ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ስም አልጠራሁም» አልኩና ድምፅ ማጉያውን አስቀመጥኩ።

የዚያን ቀን የቀረበልንን የጾም በያይነቱ ጥርግ አድርጌ በላሁ። እንዲያ የጣፈጠኝ ምግብ ትዝ አይለኝም። ያ የተበተነው ጽሑፍ በሳምንቱ ከየመሥሪያ ቤቱ ተለቅሞ ተሰበሰበ፤ ሠርጉ ቀረ፤ እኔም ከሥራ ተባረርኩ።

ለእታለም ስነግራት «እስቲ ድገሚልኝ» አለች። ደገምኩላት። «ዞረው ሲያዩት ፊቱ ምን መሰለ?» አሁንም ነገርኳት። በሦስተኛው ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ «መንቶቹን ማን እያጠባቸው ይሆን?» ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ተማሪዋን አላባረርኳትም። የባሌን ሥራ፣ የልጆቼን ቁጥርና ሰፈሬን አሰርዤ የቀረውን መለስኩላት። ከሄደች በኋላ ግን ስለ ዶክተሩ ሳስብ ዋልኩ። መታመም ወንጀል አይደለም፤ ያቺ እጮኛም ምንም አላደረገችኝ። እኔም እንደ እሱ አደራ በልቻለሁ፤ ይህን አውቃለሁ። ይሁንና እሱ እስከ ዛሬ እታለም ደጅ ቆሞ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። መጀመሪያ እሱ ይሂድ። እሷ ይቅር ያለችው ዕለት እኔም እግሩ ላይ እወድቃለሁ። እስከዚያው ቂሜ ከእኔው ጋር ያርጅ።