ላልወጣ ፕሮሰሰር ዋስ

ልጄ ቢቸና ላይ የሰርግ ቪዲዮ ታቀናብራለች። የሚቀርጹት ሌሎች ናቸው፤ እሷ የተቀረጸውን ትቆርጣለች፣ ትቀጥላለች፣ ዘፈን ታስገባበታለች። ኮምፒውተሯ ግን አርጅቶ መሐል ላይ ቀጥ ይልባታል። አንዱ ደንበኛዋ በር ላይ ቆሞ፣ «ልጃችን ክርስትና ሊነሳ ነው፣ እኛ ሰርጋችንን ገና አላየንም» ሲላት ሰምቻለሁ።

ማዘርቦርድ የሚሉት ሌላው ዕቃ ሁሉ የሚሰካበት ሰሌዳ ነው። ፕሮሰሰሩ ደግሞ እላዩ ተቀምጦ የሚያስበው። እንዲህ ብላ ነው ያስረዳችኝ። ሐሳቧ ጥሩ ሰሌዳ አሁን ገዝታ፣ ለጊዜው ርካሽ ፕሮሰሰር አድርጋበት፣ ሊወጣ ነው የሚባለው ጠንካራው የወጣ ጊዜ እሱን ብቻ መለወጥ ነበር። ሰሌዳው የሚመጣውን አልቀበልም ካለ ግን ልፋቷን ውኃ በላው። ሁለተኛ የምትገዛበት የላትም።

ሞጣ ውስጥ አንድ ነጋዴ ሰሌዳው እንዳለው በስልክ ነገራትና አብረን በሚኒባስ ሄድን። እኔ ሞጣን የማውቀው በከብት ገበያው ነው። ከብት ነግጄ ነው የኖርኩት፤ ትምህርቴም መሠረተ ትምህርት ላይ የቆጠርኩት ፊደል ነው።

ባለሱቁ ጎልማሳ ነው። ሰሌዳውን ከካርቶን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«የሚመጣውን ይቀበላል?» አለችው።

«አንቺ ደግሞ! መሰኪያው አንድ አይደለም እንዴ? ለምን አይቀበልም?»

«መሰኪያው ገጥሞ የማይነሳ አለ። ውስጡ ያለው ፕሮግራም ካላወቀው ዝም ነው የሚል። ፋብሪካው ይቀበላል ብሎ ጽፏል ወይ ነው ያልኩህ።»

«እህቴ፣ ያልወጣ ነገር ማን ይጽፍልሻል? እኔ ይቀበላል ካልኩሽ ይቀበላል።»

በሬ ሲገዛ ሻጩ ዋስ ይጠራል። በሬው የሌባ ሆኖ ቢገኝ ወይም እርሻ ላይ ቢተኛ ዋሱ ይጠየቃል። ዋስ ሳይቆም ገንዘብ ከኪስ አይወጣም። እኔም የለመድኩትን አልኩ።

«በል ልጄ፣ ዋስህን ጥራ።»

«የምን ዋስ አባቴ?»

«ይቀበላል አልክ አይደል? እንቢ ያለ ጊዜ የሚመልስልን።»

ልጄ ክርኔን ነካ አደረገችኝ። «አባየ ተው፣ በሬ አይደለም እኮ!»

«በሬማ ቢሆን ጥርሱን ገልጬ አየው ነበር።»

ከጎን ያሉት ጨርቅ ነጋዴ፣ ሐጂ ነው የሚሏቸው፣ ሳቃቸውን መያዝ አልቻሉም። መለኪያ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ብቅ አሉ።

«እኔ አለሁለት! ዋስ እሆነዋለሁ። ግን ለምኑ ነው የምሆነው?»

«ይህ ሰሌዳ ገና ያልወጣ ፕሮሰሰር ይቀበላል ብሏል» አልኳቸው።

«ይቀበላል?» አሉት ዞረው።

ባለሱቁ ሰሌዳውን አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው። «ሐጂ፣ እርስዎ አይግቡበት።»

«ምነው? ብለህ የለም?»

«ብያለሁ። ይመስለኛል። ግን እርስዎን አስገብቼ…» አለና ተወው።

እሱ ብቻውን ሳለ ቶሎ ያለውን፣ ሰው ሲገባበት ማለት ከበደው። ክፉ ሰው አልነበረም። ስልኩን አወጣና ከልጄ ጋር የፋብሪካውን ገጽ ይፈልጉ ጀመር። ኔትወርኩ ይሄዳል፣ ይመጣል። በመጨረሻ ተከፈተ። የወጡት ፕሮሰሰሮች ስማቸው ተዘርዝሮ አለ፤ ስለሚመጣው ግን የተባለ ነገር የለም።

«ይቀበላልም አይል፣ አይቀበልምም አይል» አለችኝ።

በርጩማው ላይ ቁጭ አለች። ያን ፕሮሰሰር ስትጠብቀው ነው የከረመችው፤ ማታ ማታ ስለሱ ስታወራኝ ምኑም ሳይገባኝ እሺ እላት ነበር።

«ያንን መልሰው» አለችው ቆይታ። «ርካሹን ሰሌዳ አምጣልኝ። የተረፈኝን ብር አሁን ገበያ ላይ ባለው ጠንከር ያለ ፕሮሰሰር ላይ ልጨምረው። ስሙ በተጻፈው።»

«የዚህኛው ሰሌዳ ፕሮሰሰር እኮ ኋላ በአዲስ አይቀየርም፣ እዚሁ ነው የሚያበቃ» አላት። እንዲያ ማለቱን ወደድኩለት።

«ዐውቃለሁ።»

ከዝርዝሩ ላይ ስሙን አሳያት። ሰክቶም አበራው፤ ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ መጣ።

«አሁንስ ዋስ ልጥራ አባቴ?» አለኝ እየሳቀ።

«ጥራ እንጂ።»

«ለበራ ነገርማ ማንም ዋስ ይሆናል!» አሉ ሐጂ፤ ቢሆንም እንደ ከብት ገበያ ዋስ እጃቸውን ዘርግተው እጄን መቱልኝ።

ስንመለስ ልጄ ካርቶኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ስልኳን ታነባለች። ስለዚያው ስለሚመጣው ነበር።

«ምን ይላል?» አልኳት።

«በጣም ፈጣን ነው ይላል» አለችና እስከ መጨረሻው አነበበችው።