የእትዬ ድምፅ የጠፋበት ጠዋት

እጁ የማያርፍ ሰው ታውቃላችሁ? ደህና የሚሠራን ዕቃ "እስቲ ትንሽ ላሻሽለው" ብሎ ፈታቶ፣ ሲገጥመው ሦስት ብሎን የሚተርፈው? የዚህ ታሪክ ባለቤት እሱ ነው። ሥራው ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ኮምፒውተር መጠገን ነው። ሰፈርተኛው እናቱ ያወጣችለትን ስም ከተወው ቆይቷል፤ "አያርፌ" ነው የሚለው። ሙያውን ማንም አይክደውም። ያልተበላሸ ነገር ሲያይ ግን እጁን ይበላዋል።

ዛሬ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ በታላቅ እህቱ በእትዬ ሳሎን፣ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ፣ ክዳኑ የተከፈተ ኮምፒውተር ፊት ጥርሱን ነክሷል። የማስነሻውን ቁልፍ ይጫናል። ፋኑ ሦስት ሰከንድ ያህል ዞሮ ይቆማል። እንደገና ይዞራል፣ እንደገና ይቆማል። ስክሪኑ ላይ አንዲት ፊደል እንኳ የለችም።

የሌላ ሰው ኮምፒውተር ቢሆን "ነገ ተመለስ" ይል ነበር። ይሄ ግን የእትዬ አፍ ነው።

እትዬ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በአውቶቡስ መናኸሪያ ድምፅ ማጉያ ስትናገር የኖረች ሴት ናት። መልኳን የማያውቅ ሰው እንኳ ድምፅዋን ያውቃል። ከሁለት ዓመት በፊት ጉሮሮዋ ታመመና ሐኪሞቹ ለመዳን ድምፅሽን ማጣት አለብሽ አሏት። ቀዶ ሕክምናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው አያርፌ ማይክሮፎን ይዞ ፊቷ ተቀመጠ፤ ከአራት ሺህ በላይ ቃል ቀዳ። "ነገ" አለች፣ "ሽንኩርት" አለች፣ "አልፈልግም" አለች። "ደደብ" የሚለውን ደግሞ በሦስት ዓይነት ቃና አስቀዳችው፤ አንዱ አይበቃኝም ብላ። አሁን እጇ ስለሚንቀጠቀጥ እስክሪብቶም የስልክ ቁልፍም እሺ አይላትም። እሱ በሠራላት ትልልቅ ፊደል ባለው ኪቦርድ በአንድ ጣቷ ትጽፋለች፤ ኮምፒውተሩም የተቀዱትን ቃላት እየቀጣጠለ በገዛ ድምፅዋ ይናገርላታል።

ታዲያ ምን ጎደለ? ፍጥነት ጎደለ። እትዬ ጽፋ ከጨረሰች በኋላ ድምፁ እስኪመጣ አስር ሰከንድ፣ አንዳንዴም አስራ አምስት ይፈጃል። ጎረቤት ይቀልዳል፣ እትዬ መልሷን ትጽፋለች፣ መልሱ ሲመጣ ጨዋታው ስለ ተበላሸው ቧንቧ ሆኗል። እሷ በዚያም ትስቃለች። የእሱ አንጀት ነው የሚያረው። ትናንት ከሰዓት በኋላ እሷ ጎረቤት በሄደችበት፣ ሳይነግራት፣ የኮምፒውተሩን ፕሮሰሰር ፋብሪካው ከወሰነለት በላይ እንዲሮጥ አደረገው። ባለሙያዎቹ ኦቨርክሎክ ይሉታል። ጨመረለት፤ ሠራ። አሁንም ጨመረለት፤ ሠራ። እዚያ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት? ሦስተኛ ጊዜ ሲጨምርለት ኮምፒውተሩ ድርግም አለ፤ እንደጠፋም አደረ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ይሄ ሰውዬ ገና መልቀም ላይ ነው።

በሌላ ቀን ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነው። ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ታላቅ ወንድማቸው ጋሼ ይመጣሉ። ጋሼ ጎማ ነጋዴ ናቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ ሰው ሲናገር ግን አያስጨርሱም። እህታቸው ብቻዋን መኖሯ እንቅልፍ ስለነሳቸው፣ ቤቷን ዘግታ እሳቸው ጋ ከጓሮ ካለው ክፍል እንድትገባ ወስነዋል። ዕቃ ጫኙ መኪና ነገ ጠዋት ይመጣል። "የምትይው ካለሽ ነገ በዘጠኝ ሰዓት ንገሪኝ፤ ዝም ካልሽ ተስማማሽ ማለት ነው" ብለዋታል ትናንት በስልክ። ራስ መነቅነቅ ለጋሼ መልስ አይደለም። ባለፈው ወር እምቢ ለማለት ራሷን ብትነቀንቅ "አይዞሽ፣ ትለምጂዋለሽ" ብለው ትከሻዋን መታ መታ አድርገው ነው የወጡት።

ስለዚህ አያርፌ ይታገላል። ሚሞሪዎቹን አወጣ፣ ጫፋቸውን በላጲስ ጠረገ፣ አንድ በአንድ እየሰካ ሞከረ። ምንም የለም። ዲስኩን ነቅሎ ሱቁ ወዳለው ኮምፒውተር ሮጠ፤ ያቺ አሮጌ ማሽን የእትዬን ፕሮግራም ከፍታ ሳትጨርስ ደርቃ ቀረች። ተመልሶ መጣና ሁሉ ነገር የሚሰካበት ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ፣ ላይ ያለችውን ሳንቲም የምታህል ባትሪ ነቀለ። ይቺ ስትወጣ ማዘርቦርዱ የተነገረውን ሁሉ ረስቶ ወደ ፋብሪካው ፍጥነት መመለስ አለበት። ሩብ ሰዓት ጠበቀና መለሳት። ፋኑ ዞረ፣ ቆመ። ነቀላት፣ ግማሽ ሰዓት ጠበቀ፣ መለሳት። ዞረ፣ ቆመ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

"ምን ዓይነት ቂመኛ ነገር ነህ?" አለው ማዘርቦርዱን። "የትናንቱን አትረሳም?"

እትዬ ከጠዋት ጀምራ ወንበሯ ላይ ሆና ስታየው ቆይታለች። በጣቷ ጠረጴዛውን ቆረቆረች።

"እትዬ፣ እባክሽ እስቲ ተዪኝ" አለ ዞርም ሳይል። ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ ያቃጥለዋል።

አሁንም ቆረቆረች። አልሰማ ሲላት ተነሥታ መጣችና ጎንበስ ብላ ማዘርቦርዱ ላይ የምትበራ ትንሽ አረንጓዴ መብራት አሳየችው። ከዚያ መዳፉ ውስጥ ያለችውን ባትሪ አሳየችው። መልሳ መብራቷን።

ባትሪው እጁ ላይ ነው፤ መብራቷ ትበራለች። ከየት አምጥታ?

ዓይኑ ገመዱን ተከትሎ እስከ ግድግዳው ሄደ፤ ሶኬቱ እንደተሰካ ነው። ሶኬቱን ከሁለት ዓመት በፊት ራሱ ነው በቀይ ፕላስተር ጠቅልሎ "የነካ ወዮለት" ብሎ የጻፈበት፤ እትዬ ወሬ መሀል እንዳትቋረጥ። ቤት የምታጸዳውን ሴት ተቆጥቶበታል፣ ጎረቤትን ተጣልቶበታል፣ ጋሼን ሳይቀር "ኧረ ጋሼ ይጠንቀቁ" ብሏቸዋል። የሌላ ሰው ኮምፒውተር ሲሆን ከሁሉ አስቀድሞ የሚነቅለው ገመዱን ነው። እዚህ ቤት ግን እጁ ያንን ገመድ እንዳይነካ ተገርቷል። ማዘርቦርዱም ቀኑን ሙሉ በገመዱ ኃይል እየሳበ የትናንቱን ፍጥነት ይዞ ተቀምጧል።

"ደደብ ነኝ" አለ።

እትዬ ሦስት ጣቶቿን አወጣች፤ ሦስተኛው ዓይነት "ደደብ" ማለቷ ነው። እሱ አልሳቀም። ፕላስተሩን በቢላ ቀደደ፣ ሶኬቱን ነቀለ፣ መብራቷ እስክትከስም ጠበቀ። ሁሉን መልሶ ሰክቶ ቁልፉን ተጫነ። ፋኑ ዞረ፤ አልቆመም። ስክሪኑ በራ። ለዘጠኝ አምስት ጉዳይ ነበር። ደስ ሊለው ሲገባ ከፋው፤ ያው የድሮው ቀርፋፋ ኮምፒውተር ነው የተመለሰው። ለዚህ ነው እንዴ ይሄ ሁሉ መከራ?

ጋሼ ገቡና ቁጭ ሳይሉ ጀመሩ። "መኪናው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እዚህ ነው። አልጋሽና ቁም ሳጥንሽ ይበቃሉ፤ ሌላውን ቀስ ብለን እናያለን።"

እትዬ ኪቦርዷን አቅርባ መጻፍ ጀመረች። አንድ ጣት፣ አንድ ፊደል። ጋሼ ሰዓታቸውን አዩ። ጨርሳ የመናገሪያውን ቁልፍ ተጫነች። ቤቱ ውስጥ የፋኑ ድምፅ ብቻ ይሰማል።

"እንግዲህ ዝም ካልሽ..." አሉ ጋሼ።

አያርፌ ጣልቃ ገባ። "ጋሼ፣ እሷ ማለት የፈለገችው እኮ፣ ሃያ ዓመት የኖረችበት ቤት ነው፣ ደግሞም እኔ በየቀኑ እየመጣሁ..."

"ከቤቴ አልወጣም" አለ የእትዬ ድምፅ፣ ጥርት ብሎ።

ጋሼ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ እጇን አነሣችና እንደገና መጻፍ ጀመረች። ረጅም ነበር። አያርፌ ለጋሼ የሚሆን ነገር መስሎት ውስጡን ደስ አለው። ቁልፉን ስትጫን ግን ያየችው እሱን ነው። አስራ አምስት ሰከንድ ሙሉ ዓይኗን ከእሱ ላይ አልነቀለችም።

"አንተም ተው። አራት ሺህ ቃል ቀዳህልኝ፤ አንድ አረፍተ ነገር ግን አስጨርሰኸኝ አታውቅም። የቸኮልከው አንተ ነህ። እኔ መች ቸኮልኩ?"

አያርፌ አፈረ፤ እስከ ጆሮው ድረስ ጋለ። እስከዛሬ እህቱን የሚያቋርጧት ጋሼ ብቻ ይመስሉት ነበር። "ለእሷ ብዬ ነው" ሊል ፈለገ፤ አልሆነለትም፤ እውነት አልነበረምና።

ጋሼ ወንበር ስበው ተቀመጡ። "በይ እህቴ፣ ቀጥዪ" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

እትዬ ጎንበስ አለች። የሚንቀጠቀጠው ጣቷ የመጀመሪያዋን ፊደል ፈልጎ አገኘ። አያርፌ ያቺን ፊደል ሲያይ ቃሉን ዐወቀው። ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ፤ ዋጠውና እስክትጨርስ ጠበቀ።