የአለቃዋ ስህተት

የውሃ ጣቢያው አለቃ በየጠዋቱ ለወጣት ሠራተኞቿ ሰሌዳው ላይ ንድፍ ትስላለች፤ በየጠዋቱም አንድ ቦታ ትሳሳታለች። የጥቁር ሹራቧ እጅጌ ሁሌ በጠመኔ እንደነጣ ነው። «መቼስ እንዲህ መሰለኝ» ትልና መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ትቀመጣለች።

ከኋላ ወንበር ላይ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ወር የቀራቸው አንጋፋ መሐንዲስ አሉ። «ጋሼ፣ ልጆቹን ያስተምሩልን» ሲባሉ «እኔ ምን አውቄ!» ይላሉ። ስህተት አይቶ ዝም ማለት ግን አይሆንላቸውም።

«ኧረ ይሄ ቫልቭ ከፓምፑ ወዲህ ምን ይሠራል?» ብለው ይነሳሉ። ከተነሱ ወዲያማ ማን ያስቆማቸዋል! የሠላሳ ዓመቱ እውቀት ይዘረገፋል፤ ወጣቶቹ ይጽፋሉ። አለቃዋም አንገቷን ደፍታ ትሰማለች። አባቷ እጃቸው የተመሰከረለት ሰዓት ጠጋኝ ነበሩ፤ አንድም ቀን ሳትጠይቃቸው ሙያቸውን ይዘውት ወደ መቃብር ወረዱ።

ትናንት ሁሉም ከወጡ በኋላ መሐንዲሱ በሩ ላይ ደርሰው ወደ አለቃዋ ዞር አሉ።

«ስሚ ልጄ፣ በዚህ ቫልቭ ስትሳሳቺ ሦስተኛሽ ነው። ነገ ሌላ ስህተት አምጪ፤ ያልነገርኳቸው ገና ብዙ አለ።»