ራሱን የሚያስነሳው ኮምፒውተር

ዘይቱ አባመጫ ከጅማ መጥታ ሚዛን ተፈሪ መናኸሪያ አጠገብ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ስትከፍት፣ የከተማው ኮምፒውተሮች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በ1995 ዓ.ም. አንድ የግል ክሊኒክ አስጠራት። አሮጌው ኮምፒውተር በየሰዓቱ ድርቅ ይላል፤ እንደገና የሚያስነሳው ቁልፍ ደግሞ ተሰብሯል። ጸሐፊዋ ወለላ ገመዱን ከሶኬት እየነቀለች ነበር የምታስነሳው።

«እንዲህ ከቀጠልሽ ዲስኩ ይሞትብሻል» አለቻት ዘይቱ።

አዲስ ቁልፍ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ወር ይፈጃል። ስለዚህ ትንሽ ፕሮግራም ጻፈች፤ አምስት ደቂቃ ሙሉ ፊደል ካልተነካ «ማሽኑ ደርቋል» ብሎ ያለማንም እጅ እንደገና የሚያስነሳ። ሰው ጽሑፉን ሳያስቀምጥ ከወንበሩ ሊነሳ እንደሚችል ግን አላሰበችበትም።

በሳምንቱ አንዲት ነፍሰ ጡር ክሊኒኩ በር ላይ ወደቀች። ወለላ ሮጣ ወጣች። ስትመለስ፣ ስትጽፈው የቆየችው የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ዝርዝር ጠፍቷል። የገለበጠቻቸውን የላቦራቶሪ ወረቀቶች ወደ ማቃጠያው ልካቸው ስለነበር ስሞቹን በቃሏ ጻፈች። አንድ ስም ዘነጋች።

ከወር በኋላ አሰጋሽ የምትባል ሴት ከአቅራቢያው ሸዋ ቤንች ወረዳ መጣች። «ውጤቱ ሲደርስ እናስጠራችኋለን ብላችሁን ነበር። ባሌ ወልደጻድቅ ይኸው ደም ይተፋል!»

የክሊኒኩ ኃላፊ ሲስተር የዓለምዘርፍ ወለላ ላይ ጮኸችባት። «ሰው ልትገድዪ ነው! ከነገ ጀምሮ ሥራውን ለሌላ ታስረክቢያለሽ።»

ዘይቱ አዲሱን ቁልፍ ልትገጥም መጥታ እዚያው ቆማለች። ዕቃዋን ሰብስባ ሄደች።

በማግስቱ ሱቋን ሳትከፍት ተመለሰች።

«ሲስተር፣ ወለላ አላጠፋችም። ጽሑፉን ያጠፋው እኔ የጫንኩት ፕሮግራም ነው።»

«ታዲያ ትናንት ምነው ዝም አልሽ?»

«ፈራሁ።»

ወለላ ቀና ብላ አየቻትና ፊቷን አዞረች።

ዘይቱ ፕሮግራሙን ከማሽኑ ደመሰሰች። ከዚያ ከክሊኒኩ ነርስ ከፍቅሩ ጋር ሸዋ ቤንች ወረደች። ወልደጻድቅ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ሸሚዙ ሰፍቶታል። ፍቅሩ መድኃኒቱን እያስረዳው ሳለ የስድስት ዓመት ሴት ልጁ ከጓዳ ስትስል ተሰማች።

«ይቺስ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሁለት ሳምንት ይሆናታል» አለች አሰጋሽ።

ዘይቱ ከደጅ ወጥታ ከቡናው ሥር ቁጭ አለች።

አባትና ልጅ መድኃኒታቸውን ጨርሰው ዳኑ። ወልደጻድቅ ግን ከዚያ በኋላ የቡና ጆንያ መሸከም አልቻለም። ወለላም ከሥራዋ አልተነሳችም፤ ዘይቱን መንገድ ላይ ስታገኛት ግን እጇን ሰጥታ ሳትቆም ታልፋለች።