ራሱ ያልተገኘው ትል

አዲስ የጨርቅ ጥቅል ሲፈታ የሚወጣ ሽታ አለ። ቦሌ ለሚ በምሠራበት የልብስ ፋብሪካ ልጆቹ ገና ጥቅሉ ሲከፈት ማስካቸውን ሳብ ያደርጋሉ፤ ዓይን ያቃጥላል። እኔ ግን ጠጋ ብዬ አሸተዋለሁ። ፎርማሊን ነው፤ ጨርቁ እንዳይጨማደድ ከሚነከርበት ነገር የተረፈ። የፈረቃ አለቃዬ አንድ ቀን አይቶኝ፣ «አንቺ፣ ጤነኛ ነሽ ግን?» አለኝ። ሳቅኩለት። ምን ልበለው? ባሕር የሌለው አገር ውስጥ ተቀምጬ የባሕር ዓሣ ትል እመድብ ነበር ልበለው?

እውነቴን ነው፣ እመድብ ነበር። ያኔ ገና ከዩኒቨርሲቲ መውጣቴ ነበር። ከኢምፔሪያል ወደ ገርጂ ገባ ብሎ አንድ ግቢ ነበር፤ ከዋናው ቤት ጀርባ ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች አሉት። እነሱን የተከራዩት ያስተማሩኝ መምህር ነበሩ። ጡረታ ወጥተው ማይክሮስኮፓቸውንና ብልቃጦቻቸውን እዚያ ሰብስበዋል። ሥራቸው በባሕር ዓሣ አንጀት ውስጥ የሚኖሩ የኮሶ ትሎችን መለየት፣ በየዘራቸው መመደብ፣ ስም ለሌላቸው ስም ማውጣት ነበር። አብሬያቸው እንድሠራ ሲጠይቁኝ ደስ ብሎኝ ለእናቴ ነገርኳት።

«በሞትኩት!» አለች እናቴ። «ዲግሪ ይዘሽ ኮሶ ልትለቅሚ?» ቀጥላም፣ «እኛ ልጅ ሆነን የኮሶ መድኃኒት ስንጠጣ የትሉ ራስ ወጥቷል ወይ ነበር የሚባለው። ራሱ ካልወጣ ምኑን ወጣ?» አለች።

ይህንን ለመምህሩ ስነግራቸው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «እናትሽ ከብዙ ፕሮፌሰር ትበልጣለች» አሉኝ። «ሥራችን በሙሉ እሷ ያለችው ነው።» እውነታቸውን ነበር። የትሉ አካል ነጭ ጥብጣብ ነው፤ አንዱ ከአንዱ ብዙም አይለይም። ማንነቱ ያለው ራሱ ላይ ነው። እሳቸው የሚወዱት ዘር የመርፌ ጫፍ በምታህለው ራሱ ላይ አራት ክሮች አሉት፤ በየክሩ ዙሪያ መንጠቆዎች ተሰድረዋል። መንጠቆውን ረድፍ በረድፍ ቆጥሮ፣ አጭሩን ከረጅሙ ለይቶ ነው ይሄ የእገሌ ዘር ነው የሚባለው። ራስ የሌለው ትል ስም አይወጣለትም።

እሳቸው ጋ ደግሞ ራስ የሌለው አንድ ትል ነበር። በወጣትነታቸው ምጽዋ ሲሠሩ፣ ጅራቱ እንደ አለንጋ ከረዘመ ጠፍጣፋ ዓሣ ሆድ ያወጡት ነው። አካሉ ከሚያውቁት ሁሉ ይለያል፤ ራሱ ግን ሲያወጡት ተበጥሶ ቀርቷል። ሌላ አገኛለሁ ብለው ሲጠብቁ አገር ለሁለት ተከፈለና ባሕሩ እዚያ ቀረ። እሳቸው ብልቃጡን በካልሲ ጠቅልለው አዲስ አበባ ገቡ። ያን ሁሉ ዓመት ሁለተኛውን ሲጠብቁ ኖሩ።

እኔ ስደርስ ጊዜው አልቆባቸው ነበር። ግላኮማ ዓይናቸውን ከዳር ወደ መሐል እየበላው ነው። ማይክሮስኮፑ ላይ ተደፍተው ይቆዩና፣ «ኧረ ጉም ነው» ብለው ይነሡ ነበር። ከዚያ እኔ እያየሁ እነግራቸዋለሁ፣ እሳቸው በእርሳስ ይሥላሉ። በመስኮቱ የሚገባው የጠዋት ፀሐይ ወረቀታቸው ላይ ያርፋል፤ ውጭ የታክሲ ረዳቶቹ «መገናኛ! መገናኛ!» ይሰማል። የድሮ ሥዕሎቻቸውን ደብተር ቀን ከሌት ሳገላብጥ እያንዳንዷን መንጠቆ በቃሌ ይዣት ነበር። ምን ያህል አምነውኝ እንደነበር ልንገራችሁ፦ ሰባት ነው ካልኩ ሰባት ብለው ይጽፋሉ። እርግጠኛ ነሽ ብለውኝ አያውቁም። «ዓይኔ አንቺ ነሽ» ይሉኝ ነበር፣ እኔም ኮራ እል ነበር።

ዓሣ የሚያመጣልን ከጅቡቲ በበረዶ መኪና ጭኖ ቦሌ ሩዋንዳ አካባቢ ላሉ ምግብ ቤቶች የሚያከፋፍል ሾፌር ነበር። መምህሩ መድኃኒት የሚቀምሙ ይመስለው ነበር። «ጋሼ፣ ለወገቤም አንዳንድ ነገር ይበሉኝ እንጂ» ይላቸዋል ሁልጊዜ። በሁዳዴ አንድ ማለዳ የዚያን ባለ አለንጋ ጅራት ዓሣ አንጀት በላስቲክ ጠቅልሎ ይዞ መጣ። ከዚህ በኋላ የሚያመጣው የተጠረገና የተቆራረጠ ሥጋ ብቻ እንደሆነ ነገረን። «ይሄ የመጨረሻዬ ነው፤ አደራ፣ ወገቤን እንዳይረሱ» ብሎ ሄደ።

መምህሩ ላስቲኩን በመዳፋቸው ዳበሱት። የዚያን ቀን የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ነበራቸው፤ መቅረት ፈልገው እኔ ነኝ ሂዱ ያልኳቸው። «እሺ፣ ግን እኔ እስክመጣ በረዶ ላይ ይቆይ» አሉ። በሩ ላይ ደርሰው ደግሞ ተመለሱ። «ከተከፈተም ራሱ ሳይታይ አንጀቱ እንዳይነካ። ልጄ፣ ራሱን አንድ ጊዜ ብቻ ልየው።»

እሳቸው ከወጡ ብዙም አልቆየ፣ አከራይዋ ከኪዳን ጸሎት ሲመለሱ ሽታው በር ላይ ተቀበላቸው። «በሁዳዴ! በሁዳዴ ግቢዬ ውስጥ የዓሣ አንጀት!» እያሉ ግቢውን አናወጡት። ዓሣ በጾም ይበላል የሚሉትን ሁሉ እዚያው ቆመው ረገሙ። «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አሁኑኑ አጸዳዋለሁ» አልኳቸው። «ተመልሼ ስወጣ ይሄ ነገር ከሸተተኝ ዕቃችሁን መንገድ ላይ ነው የምታገኙት» ብለው ገቡ።

ደነገጥኩ። መምህሩ ሌላ ቤት ፍለጋ ሲንከራተቱ ታየኝ። አንጀቱን በሳህን ላይ ከፈትኩት፣ ትሉም ነበር። ነጭ፣ ረጅም፣ ልክ ብልቃጡ ውስጥ እንዳለው። በደስታ ጮህኩ። ቀስ ብዬ ሳብ ሳደርገው መጣልኝ፤ ጨው ውሃ ውስጥ አስቀመጥኩት። ሙሉውን የወጣ መሰለኝ። ከዚያ የቀረውን አንጀት ቧንቧ ሥር ወሰድኩት። እጄ ያደረገውን እጄ ያውቃል። ለፋሲካ ጨጓራና አንጀት ስናጥብ እንዳደግን ገለበጥኩት፣ በቢላ ጀርባ ፋቅሁት፣ በጨውና በሎሚ አሸሁት፣ እንደገና በውሃ ለቀለቅሁት። ነጭ፣ ንጹህ ሆነ። እናቴ ብታየው ትመርቀኝ ነበር።

ትሉን ማይክሮስኮፕ ሥር ሳደርገው ነው የገባኝ። ጫፉ ላይ ምንም የለም። ራሱ መንጠቆውን አንጀቱ ውስጥ ተክሎ ቀርቶ ነበር፤ እኔ ፍቄ በፍሳሹ ለቅቄዋለሁ። ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበርክኬ በጭልፋ ስቆፍር ቆየሁ። ጭቃ፣ የሎሚ ፍሬ፣ የሳሙና አረፋ። ያኔ እንዴት እንዳለቀስኩ አትጠይቁኝ።

መምህሩ ከሰዓት በኋላ መጡ። ሐኪሙ ያላቸውን አልነገሩኝም፤ ፊታቸው ላይ ግን ነበር። ደፉ ላይ ቆም ብለው፣ «ዛሬ ቤቱ ሎሚ ሎሚ ይላል» አሉ። ቀጥለውም፣ «ተገኘ?» አሉኝ።

«ተገኘ ጋሼ።»

ወንበራቸውን ስበው ማይክሮስኮፑ ላይ ተደፉ። ዓይናቸውን ጠረጉ፣ እንደገና ተደፉ። ከዚያ ቀስ ብለው ቀና አሉ፣ እርሳሳቸውን አነሡ። «በይ ንገሪኝ» አሉ፣ እንደ ሕፃን።

እውነቱን ለመናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ይህንን እምላለሁ። ግን ያንን ፊት አይቼ አልቻልኩም። ከደብተራቸው የማውቀውን አንዱን ራስ መናገር ጀመርኩ። «አራት ክር አለው። በየረድፉ ሰባት መንጠቆ። ከሥር ያሉት ሰፋ ይላሉ፣ ወደ ጫፉ ይቀጥናሉ።» እርሳሱ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ይሰማኛል። እንዲያምኑኝ ብዬ ደግሞ ጨመርኩበት፦ «በስተግራ ባለው ክር አራተኛው መንጠቆ አጠር ይላል።»

እርሳሱ ቆመ።

«ስንተኛው?»

«አራተኛው፣ ጋሼ።»

እርሳሱን አስቀመጡት። «እሱማ የኔ ሥዕል ነው» አሉ። «የሌላ ትል ራስ ነው፤ ምጽዋ ነው የሣልኩት። መንጠቆው አጭር ሆኖ አይደለም፤ መብራት ጠፍቶብኝ ሳልጨርሰው ቀርቼ ነው።»

የምገባበት ጠፋኝ። የሎሚውን ሽታ ወደ ውስጥ ሳብ አድርገው፣ «አንጀቱን ፋቅሽው?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«በሎሚ?»

«በሎሚና በጨው።»

«ሎሚ ጥሩ ነው፣ በደንብ ያጸዳል» አሉ። ምነው በሰደቡኝ! ምነው በጥፊ በመቱኝ ብዬ ስንት ጊዜ ተመኝቻለሁ። ትሉን በእጃቸው ዳብሰው ብልቃጥ ውስጥ ከተቱት፣ ፎርማሊን ጨመሩበት። ወረቀት ቆርጠው የዓሣውን ስምና ቀኑን ጻፉ፤ ከሥሩም በተጣመመ ፊደል «ራሱ ያልተገኘ» ብለው ብልቃጡ ውስጥ ከትተው ከደኑት።

ከዚያ በኋላም ጥቂት ሳምንት ሠራን፣ በድሮዎቹ ስላይዶች ላይ። ስድስት ነው ስላቸው፣ «እርግጠኛ ነሽ?» ይላሉ። ቁጣ አልነበረበትም፤ እንዲያው ይጠይቃሉ። እኔም እንደገና እቆጥራለሁ። እሳቸውም ትንሽ ቆይተው እርሳሱን ያስቀምጣሉ። ከኔ ሌላ ዓይን አልነበራቸውም፣ በእኔ ዓይን ደግሞ ከእንግዲህ መሣል አልቻሉም። ከፋሲካ በኋላ ክፍሎቹን ለቀቁ። የዚያን ቀኗን ብልቃጥ ለእኔ ሰጡኝ፤ አሁንም ቁም ሳጥኔ ላይ ናት።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ሲኤምሲ እህታቸው ቤት ነው። ብርሃን ከጨለማ እንኳ አይለዩም ነበር። በረንዳ ላይ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «ጃካራንዳው አብቧል፣ ጋሼ። ግቢው ሐምራዊ ሆኗል» አልኳቸው።

«እርግጠኛ ነሽ?» አሉኝ።

ተነሥቼ ከዛፉ ሥር አንዲት አበባ አነሣሁና መዳፋቸው ላይ አኖርኩላቸው። በጣታቸው ጫፍ የዙሪያዋን ቅጠሎች አንድ በአንድ ዳበሱ፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ።

«አምስት» አሉ።

«አዎ ጋሼ፣ አምስት ናት» አልኳቸው።

እሳቸው ግን እንደገና መቁጠር ጀመሩ።