አራት ጣት በሊማሊሞ አፋፍ

አጎቴ ደባርቅ ውስጥ ጎሚስታ ነበሩ። መኪና ሊማሊሞን ሊወርድ ሲል፣ ሾፌሩን መሪውን እስከ ጥጉ ያስጠመዝዙትና አራት ጣታቸውን ደርድረው በፊት ጎማውና ከላዩ ባለው ላሜራ መካከል ይሰዳሉ።

"በቸርኬው ልክክ ማለቱ ብቻውን ምን ይረባል? አራት ጣት ካላሳለፈ የዚህ መኪና ጎማ አይደለም። ኩርባው ላይ ላሜራው ይይዘዋል፤ ከያዘው ደግሞ መሪው አይታዘዝም" ይሉ ነበር። እኛ ሾፌሮቹ እንስቅ ነበር።

አርባቸው በወጣ ሳምንት፣ የበየዳ መንገድ ድንጋይ ቢያስመርረኝ ለሚኒባሴ ከፍ ያለ ጎማ አስገጠምኩ። በቸርኬው ልክክ አለ፤ ሌላ ነገር የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ትናንት ጠዋት ተሳፋሪ ጭኜ አፋፉ ላይ ስደርስ ግን ቁልቁለቱን አየሁና አቆምኩ።

"ምነው ልጄ፣ ምን አገኘህ?" አሉ ከኋላዬ የተቀመጡ አንዲት እናት።

"ምንም እማማ፣ ጎማውን ልየው ብዬ ነው።"

መሪውን እስከ ጥጉ ጠምዝዤ ወረድኩና ጣቶቼን ሰደድኩ። አራቱም አለፉ። እፎይ ብዬ ልነሳ ስል የአጎቴ ጣቶች ትዝ አሉኝ። ዕድሜ ልካቸውን መዶሻ ይዘው ያበጡ፣ የእኔን እጥፍ የሚያህሉ ነበሩ። የእሳቸው አራት ጣት እዚያ አይገባም።

ተሳፋሪውን ይቅርታ ጠይቄ ቀስ እያልኩ ወደ ደባርቅ ተመለስኩ። የድሮውን ጎማ አስገጠምኩ፤ ፍርሃቱ ግን እስካሁን አለቀቀኝም።

አጎቴ፣ ነፍስዎን ይማር። ከእንግዲህ ያንን ክፍተት የምለካው በዚህ በቀጭን ጣቴ ስምንት ደርድሬ ነው።