በስሜ የተመዘገበው ጥፋት

ባለፈው ኅዳር፣ በወሩ ሁለተኛ ሰኞ፣ ከቀትር በፊት፣ ሮተርዳም በሚገኘው የመሥሪያ ቤቴ የስብሰባ ክፍል ውስጥ ያልሠራሁት ጥፋት በስሜ ተመዘገበ። ይህን የምጽፈው ቆቦ ላሉ ወገኖቼና ሻንጣቸውን ለሚያዘጋጁት ነው፤ አለቃዬ ቪምም እንዲያነበው ወደ ቋንቋው ይመለስለታል።

ከቆቦ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ ነው። ሚኒባሱ ጎብዬን እስኪያልፍ ድረስ በመስኮት የሚገባው ነፋስ የማሽላ አገዳ ይሸት ነበር። አባቴ መናኸሪያ ድረስ ሸኝተውኝ «የሰው አገር ነው፤ አንገትሽን ደፋ አድርጊ» አሉኝ። ሁለተኛ ዲግሪዬን ይዤ ምክራቸውን ተቀበልኩ። የደረስኩበት አገር ፀሐይ ታበራለች እንጂ አታሞቅም፤ የሰዉም ፈገግታ እንዲሁ ነው።

ሥራዬን በስልክ ሳስረዳቸው «አባባ፣ መንገድ ዳር ያሉትን የኮንቴይነር ሱቆች ያስቧቸው» አልኩ። «እያንዳንዱ ፕሮግራም በየራሱ ኮንቴይነር ተዘግቶ ይሠራል፤ የአንዱ እሳት ለጎረቤቱ እንዳይተርፍ። የትኛው እንደደከመ፣ የትኛውን ማን እንደነካው በስክሪን የምከታተል እኔ ነኝ።»

«ዘበኛ ነሽ በይኛ!»

«የተማርኩ ዘበኛ።»

«ታዲያ ዱላሽ የታለ?»

ዱላዬ ሌባ ሲገባ ስክሪኑ ላይ የሚጮኸው የማስጠንቀቂያ ደወል ነበር። ቪም ደወሉ ያለ ምክንያት እየጮኸ ሰው አሰለቸ ብሎ ዓርብ ዕለት «አጥፊው» አለኝ፤ እምቢ አልኩ። እሑድ ከአንዱ ኮንቴይነር የደንበኞች ስምና አድራሻ ተሰረቀ። ደወሉ አልጮኸም፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው አጥፍቶት ነበር።

ሰኞ ተሰበሰብን። ቪም «ዛሬ ማንንም አንወቅስም፤ የተሰበሰብነው ለመማር ነው» አለ። እኔ ሽምግልና የተቀመጥን መሰለኝ። በእኛ በራያ፣ ዘወልድ የምንላቸው አስታራቂዎች ፊት፣ ታናሽ ባይበድልም ቀድሞ ጥፋቱን ይወስዳል፤ ታላቁ ያን ጊዜ አፍሮ «የለም፣ በዳዩስ እኔ ነኝ» ይላል።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅርታ አድርጉልኝ» አልኩና የታላቁን፣ የቪምን፣ ተራ ጠበቅሁ።

ቪም አላፈረም። «ለግልጽነትሽ አመሰግናለሁ» አለ፤ ቃሌንም ቃለ ጉባኤው ላይ ተየበው።

በሳምንቱ ከሥራ ተሰናበትኩ። የስንብት ደብዳቤው «ጥፋቷን አምናለች» ይላል። የመኖሪያ ፈቃዴ ከሥራዬ ጋር የታሰረ ነው፤ ሌላ ቀጣሪ እንድፈልግ የተሰጠኝ ጊዜ ሦስት ወር ነው። በጥበቃ ሥራ ላይ ጥፋቷን ያመነችን ማን ይቀጥራል?

የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊዋን ጥፋቱ የእኔ ነው ያልኩትን ቃል እንደምስብ ነገርኳት።

«ያን ዕለት ዋሽተሽ ነበር?»

«ጨዋ ነበርኩ።»

«እዚህ ቅጽ ላይ ለጨዋነት የሚሆን ቦታ የለም» አለችኝ። ከልቧ ፈልጋ ነው ያጣችው።

ለአባቴ ደውዬ ጥፋቱን እንደወሰድኩ ነገርኳቸው።

«ደግ አደረግሽ» አሉ። «አለቃሽስ ምን አለ?»

«አመሰገነኝ።»

ከበስተጀርባቸው የባጃጅ ጡሩምባ ይሰማኛል። «እዚያ ክፍል ውስጥ» አሉ፣ «ሽማግሌ የሚባል አልነበረም?»

ቪም፣ ደወሉን ማን እንዳጠፋው፣ ማን ምን እንደነካ የሚይዘው የኮምፒውተሩ መዝገብ ያውቃል። እኔ እንዳላየው ወደ ኮምፒውተሩ መግቢያዬ የተዘጋው ስብሰባው ሳያበቃ ነው። አዝናለሁ ብለህ አትጻፍልኝ፤ ከስብሰባው ስለተማርነውም አትጻፍልኝ። በዚያ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ደወሉ የጠፋው በማን መለያ ስም ነው? ስሙን ጻፍልኝ።